ያላዩትን ጠባሳ ማወቅ

ዐይን ያላየውንና እጅ ያልዳሰሰውን ነገር «አውቀዋለሁ» ማለት ይቻላል ወይ? ፈላስፎችንም የሃይማኖት መምህራንንም ሲያከራክር የኖረው ይህ ጥያቄ ዛሬ በጉበት ሐኪሞች ክፍል በየዕለቱ ይነሣል። ኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስ በሚባለው ሕመም የሰውነት መከላከያ የገዛ ጉበቱን ይወጋል። ጉበቱ ይቆጣል፤ ብግነቱ ሳይታከም ሲቆይ በጤናማው ሥጋ ቦታ ጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳው ሲገፋ ሲሮሲስ ይሆናል። ጠባሳው የት እንደደረሰ ለማወቅ ለረጅም ጊዜ የታመነው መንገድ በመርፌ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ግን ፋይብሮስካን የተባለ መሣሪያ መጥቷል። በጎን አጥንቶች መካከል ቆዳ ላይ ተደግፎ ቀላል ንዝረት ይልካል፤ ንዝረቱ በጠጠረ ጉበት ውስጥ ፈጥኖ፣ በለሰለሰው ውስጥ ዘግይቶ ይጓዛል፤ ከፍጥነቱም የጉበቱ መጠጠር በኪሎፓስካል ተሰልቶ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ባለ መንገድ የሚገኘው እውቀት በእኔ እምነት እውነተኛ እውቀት ነው፤ እውቀት የሚሆነው ግን ያንን ምልክት ሊያመጡ የሚችሉትን ምክንያቶች ሁሉ ለይቶ ለሚያውቅና ጊዜውን ለሚጠብቅ ሰው ነው።

አርስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ምልክቶችን በሁለት ይከፍላል፤ ምሳሌ የሚያደርገውም ሕመምን ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው መታመሙ የግድ ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ግን ትኩሳት አለበት ማለት አይቻልም፤ ትኩሳት የሌለውም ሊያለከልክ ይችላልና። የመጀመሪያው ምልክት መደምደሚያውን አስገድዶ ያመጣል፣ ሁለተኛው ይጠቁማል እንጂ አያስገድድም። የጉበት መጠጠር ከሁለተኛው ወገን ነው። ጠባሳ ያጠጥረዋል፤ ብግነትም ያጠጥረዋል፤ የሐሞት መታገድ፣ ከልብ ድካም የተነሣ የደም መጠራቀም፣ ከምርመራው በፊት የተበላ ምግብም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። መሣሪያው መጠጠሩን በትክክል ይለካል። ስሕተቱ የሚገባው «ጠጥሯል» ከሚለው ተነሥተን «ስለዚህ ጠባሳ አለው» ስንል ነው።

በዚህ ሕመም ላይ ችግሩ የሚጎላው ብግነቱ ራሱ የሕመሙ ዋና ጠባይ በመሆኑ ነው። በሃምቡርግ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ሕክምና በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ በተለኩ ታካሚዎች ቁጥሩ የተከተለው የብግነቱን መጠን እንጂ የጠባሳውን ደረጃ አልነበረም። ከ6 ወር ሕክምና በኋላ በተለኩት ላይ ግን ያው መሣሪያ ከባዱን ጠባሳ ከቀላሉ በሚገባ ለየ። ከደም ምርመራ የሚሰሉት ኤፒአርአይና ፊብ-4 የተባሉ ቀመሮችም ተመሳሳይ ድካም አለባቸው፤ ሁለቱም የሚጠቀሙበት ኤኤስቲ የተባለው ኢንዛይም ብግነት ሲኖር ይጨምራልና። እንግዲህ ለዚህ ሕመም የሚሰጡት መድኃኒቶች፣ ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን፣ ብግነቱን ሲያበርዱ ሁለት ሥራ ይሠራሉ፦ ታካሚውን ያክማሉ፣ ምልክቱንም ያጠራሉ። ከተፎካካሪ ምክንያቶች ዋናው ሲወገድ፣ ጠቋሚ ብቻ የነበረው ምልክት ወደ አስረጂነት ይጠጋል።

«ይህ ሁሉ ከግምት አያልፍም፤ እውነቱ ያለው በዐይን በሚታየው ናሙና ላይ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ይህ የሐዋርያው ቶማስ ጥያቄ ነው፤ የክርስቶስን የችንካር ምልክት ካላየሁና ካልዳሰስሁ አላምንም ብሎ ነበር። ነገር ግን ቶማስ የዳሰሰው ቁስልን ነው፣ የመሰከረው አምላክነትን ነው፤ አምላክነት ደግሞ በእጅ አይዳሰስም። ለእርሱም ቢሆን የተዳሰሰው ላልተዳሰሰው ምልክት ነበር። ናሙናም እንዲሁ ነው። በመርፌ የሚወጣው ክር መሰል ሥጋ ከመላው ጉበት 50,000 እጅ አንዱን ያህል ነው፤ ጠባሳ ደግሞ በየቦታው እኩል አይሰራጭም፤ ሁለት የፓቶሎጂ ሐኪሞችም አንዱን ናሙና በተለያየ ደረጃ ሊመድቡት ይችላሉ። ከተወሰደው ቅንጣት ወደ ቀረው ጉበት የሚሻገረው ያው አእምሮ ነው። ይህን ስል ናሙና ይቅር ማለቴ አይደለም። ሕመሙ ሲጀመር የሚጠየቀው «ይህ ኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ነው ወይስ ሌላ?» ተብሎ ነው፤ ለዚህ የመጠጠር ቁጥር መልስ የለውም። ናሙናው ግን የመከላከያ ሴሎች የት እንደተሰበሰቡና ምን እንዳጠቁ ያሳያል። በየጊዜው መርፌ ማስገባት ሕመምና አልፎ አልፎም የመድማት አደጋ ስላለው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዞ ለመከታተል ንዝረቱ ይሻላል።

ሌላው ተቃውሞ ከሕሊና የሚመጣ ነው፦ ሰው እየታመመ እውቀት እስኪጠራ 6 ወር መጠበቅ ጭካኔ አይሆንም ወይ? የሚዘገየው ግን በቁጥሩ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ነው፤ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል። ሲሮሲስ አስቀድሞ ካለም አልትራሳውንድ፣ የጣፊያ ማበጥና የፕሌትሌት መቀነስ ቀድመው ሊናገሩ ይችላሉ፤ ሐኪሙ እነዚህን ይሰማል። ይልቅስ ጉዳት ያለው በችኮላ ነው፤ በብግነት ያበጠን ጉበት ለክቶ «ሲሮሲስ አለብህ» ማለት በሰው ላይ ያልተረጋገጠ ፍርድ መጫን ነው። ሕክምና ሲሠምር ጠባሳ ራሱ ሊቀንስ እንደሚችል ስለሚታወቅ፣ የዛሬው ቁጥር ትክክል ቢሆን እንኳ የመጨረሻ ቃል አይደለም።

ያላየነውን ማወቅ ይቻላል፤ እምነትም ሳይንስም ያለዚህ አይቆሙም። ነገር ግን ምልክት የሚታመነው ተመርምሮ ነው። የጉበት ምርመራ ወረቀት በእጁ የያዘ ሁሉ ከቁጥሩ በፊት ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ይህን ቁጥር ከጠባሳ ሌላ ምን ሊያመጣው ይችላል? የተለካውስ ብግነቱ ከበረደ በኋላ ነው ወይስ በፊት?