የፈረሰውን መሻገሪያ ስለሚጠግኑ



ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ ስለ እውነተኛ ጾም ሲያስተምር፣ ለተራበ እንጀራውን የሚቆርስ ሰው ምን የሚል ስም እንደሚያገኝ ይነግረናል። የፈረሰውን ጠጋኝ፣ የመንገድም አዳሽ ይባላል። ይህን ምዕራፍ በዐቢይ ጾም ደጋግመን ሰምተነዋል፤ ያሰብነው ግን ስለ ጾሙ ነው እንጂ ስለ መንገዱ አይደለም። እኛ የጎጃም ደጋ ሰዎች የነቢዩን ቃል ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከሞጣ ወደ ዐባይ ሸለቆ የሚወርደውን የእግር መንገድ መከተል ይበቃናል።

ያ መንገድ ወንዙ ላይ ሲደርስ፣ ጎጃምን ከማዶው ከአንዳቤት አገር ጋር ያገናኝ ዘንድ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት በድንጋይና በኖራ የተሠራ ድልድይ ይገኛል። ብዙ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል፤ ኢየሱሳውያን አባቶችን ከአገር ያስወጡት እኒሁ ንጉሥ ናቸውና፣ ስሙን ሰምተን ሥራውን የወገናችን አድርገን መኩራት አይገባንም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት የድልድዩ ቅስት ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። አገርን ለማዳን የተደረገ ነውና ማንንም አንወቅስም። ነገር ግን ጠላት ከወጣ በኋላም ስብራቱ ከስድሳ ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንደ ነበረ ቆየ።

በእነዚያ ዓመታት ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። ወዲህና ወዲያ የቆሙ ሰዎች ገመዱን ይዘው፣ ተሻጋሪውን በወገቡ አስረው፣ ዐባይ ከታች እያገሣ ከስብራቱ በላይ ይጎትቱታል። ገበያተኛውም፣ ለቅሶ ደራሹም፣ ዘመድ ጠያቂውም ነፍሱን በማያውቀው ሰው እጅ ላይ ጥሎ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ድልድይ በተጻፈው ሁሉ ውስጥ ልባችንን ይበልጥ የሚነኩት እነዚህ ገመድ ያዦች ናቸው። መንገዱ በሁለት ወገን ተቆርጦ እንዳይረሳ ያቆዩት እነርሱ ናቸውና።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት ስለ ዐባይ ሲጽፍ የዚህን አሻጋገር ፎቶግራፍ አወጣ። ኬን ፍራንዝ የተባሉ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ሥዕሉን አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ» የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረቱ፤ በ2002ም ከበጎ ፈቃደኞችና ከአገሬው ሕዝብ ጋር ስብራቱን በብረት አገናኙት። መኪና ወደ ሸለቆው አይደርስምና ዕቃው የወረደው በአህያ ጀርባና በሰው ትከሻ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለስብከት የተመቸ ይሆን ነበር። ሆኖም በ2005 ዐባይ ሞልቶ ጥገናውን ወሰደው። የተደከመበት ሁሉ በአንድ ክረምት ሄደ። ከእኛ መካከል አንድ ጊዜ ሠርቶ የፈረሰበት ሰው ሁለተኛ እጁን ለመዘርጋት ምን ያህል እንደሚከብደው የማያውቅ የለም፤ በየቁምስናችን ተጀምረው የቀሩት ሥራዎች ይመሰክራሉ። እነዚህ ሰዎች ግን ተመለሱ። በ2009 በገመድ የተንጠለጠለ አዲስ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የመጀመሪያውን ጥገና ርኅራኄ ሠራው ብንል፣ ሁለተኛውን የሠራው ትዕግሥት ነው።

የዚሁ አገር ልጅ የሆኑት፣ የመርጡለ ማርያም ገዳም መነኩሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እውነትን ፍለጋ ከጎጃም ወደ ጎንደር፣ ኋላም እስከ ግብፅና ሮማ ተጉዘዋል፤ በ1855 በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊት ጋር ሲጎተቱ በመንገድ ላይ ዐረፉ። የተጓዙበትን ዱካና መልካ ለመንገደኛ ጠብቀው ያቆዩ ሰዎች ስም በየትም አልተጻፈም።

ታዲያ ለእኛ የቀረው ምንድን ነው? ዛሬ «ኦፕን ስትሪት ማፕ» በሚባለው ነጻ ካርታ ላይ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ እያዩ የእግር መንገድ ይሥላሉ። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን መልካው በሐምሌ እንደሚሞላ፣ አግዳሚው እንጨት እንደ በሰበሰ፣ ሽማግሌዎች በየትኛው ድጥ እንደሚወድቁ ከሰማይ አይታይም። ይህን የሚያውቀው ከመንደር መንደር በእግሩ የሚያስተምረው ካቴኪስት ነው። ስለዚህ ካቴኪስቶቻችን ወጣቶችንና አረጋውያንን ይዘው የቁምስናቸውን መንገዶች እንዲሄዱባቸው፣ የየመሻገሪያውንም ስምና ጉዳት በደብተር እንዲጽፉ እንለምናለን። ለመጠገን በደቦ መውጣት ከዚያ በኋላ ይቀላል።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ግን አለ። ብዙውን መንገድ ያጠበበው ጎርፍ አይደለም፣ የእኛው ማረሻ ነው። ኦሪት የባልንጀራን የወሰን ድንጋይ መግፋትን ትከለክላለች፤ የጎረቤታችንን ድንበር ብንገፋ ጎረቤታችን ይከሰናል፤ በየዓመቱ አንድ ትልም ከመንገዱ ብንቆርስ ግን የሚከሰን የለም። በእርጥቡ ገደል አፋፍ ላይ የምትሄደው ውሃ የተሸከመች ሴት ናት። በንስሐ ስንመረምር ይህንንም እንመርምር። ባለ እርሻውን ለማነጋገር የምትሄዱም ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሽማግሌ ይዛችሁ፣ ዘር ከመዘራቱ በፊት ሂዱ፤ ቡቃያው ከወጣ በኋላ መንገድ ማስለቀቅ ጠብ ያመጣልና።