እንቁላሉን የታቀፈው ማን ነው?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ፊደል አልገባው ብሎ ለሚያለቅስ ልጅ ይነገራል። ሱቅ በከፈተ ማግስት ትርፍ ለሚጠብቅ ነጋዴ ይነገራል። አገር ቀይሮ ቋንቋው ለከበደው ስደተኛም ይነገራል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ዛሬ እግር የሌለው ነገር ጊዜው ሲደርስ ቆሞ ይሄዳልና አትቸኩል ነው። ነገሩ ባዶ ማጽናኛም አይደለም። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ጫጩቷም ሰውነቷ ደረቅ እንዳለ ትራመዳለች።

ተረቱ ግን ሳያነሳት ያለፈ አንዲት ባለቤት አለች፤ እናት ዶሮዋ። እንቁላል እግር የሚያወጣው የታቀፈችው ዶሮ ሙቀቷን ሳታቋርጥ ስለምትሰጠውና በምንቃሯ ደጋግማ ስለምታገላብጠው ነው። ያንኑ እንቁላል መደርደሪያ ላይ 21 ቀን ብናቆየው ይገማል። የቀኑ ቁጥር በሁለቱም ቦታ እኩል ነው፤ የሚለያቸው እቅፉ ነው። እኔ ይህን ተረት የምተረጉመው ከእቅፉ ጋር ነው። ትርጓሜዬ ይጸና እንደሆነ ደግሞ እውነተኛ እግር ባለው፣ ሆኖም ከዶሮ እጅግ በራቀ ፍጥረት ልፈትነው እወዳለሁ፤ በቤት ውስጥ የኮራል አኳሪየም በሚኖር የባሕር ክላም።

ኮራል የሚያረባ ሰው ብዙ ጊዜ ከሚመኛቸው እንስሳት አንዱ ትራይዳክና የሚባለው የክላም ወገን ነው። ሁለት ወፍራም ዛጎሎች አሉት፤ በመካከላቸው ማንትል የሚባለው ሥጋው ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ቀለም ይዞ ይዘረጋል። ከወገኑ ትልቁ ትራይዳክና ጊጋስ ርዝመቱ ከ1 ሜትር፣ ክብደቱ ከ200 ኪሎ ግራም ያልፋል። ለቤት የሚመረጡት አነስተኞቹ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ትራይዳክና ማክሲማ ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አንሥቶ እስከ ፖሊኔዥያ ደሴቶች ድረስ ይገኛል፤ ስለዚህ ለእኛ ቀጣና እንግዳ አይደለም። የዱር ክላም ለሥጋውና ለዛጎሉ ሲባል በብዙ ባሕር ስለተመናመነ ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። በፓስፊክ ባለችው በፓላው ግን ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከእንቁላል እያስፈለፈሉ ማሳደግ ተችሏል፤ አርቢ ክላም ሲገዛ እንዲህ በሰው እጅ ያደገውን ቢመርጥ ለባሕሩም ይበጃል።

ክላሙ ወደ ቤት ሲገባ ተረቱ ወዲያውኑ ትክክል ሆኖ የሚገኝበት ቦታ ብርሃን ነው። በማንትሉ ውስጥ ዙዛንቴሌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። ከብርሃን ስኳር ያመርታሉ፤ ክላሙም ከሚያስፈልገው ኃይል አብዛኛውን ከእነርሱ ያገኛል። አልጌዎቹ የለመዱት የሻጩን መብራት ነው። አዲሱ መብራት በአንድ ጊዜ ቢበረታባቸው በውስጣቸው ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች ይበዛሉ፣ ክላሙ አልጌዎቹን ያስወጣል፣ ማንትሉም ይነጣል። ስለዚህ አርቢው መብራቱን ይቀንሳል፣ ወይም ክላሙን ከታች አሸዋው ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያም በሁለት፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ብርሃኑን በየጥቂት ቀኑ ከፍ ያደርጋል። ይህን መላመድ አልጌዎቹ ራሳቸው ይፈጽሙታል እንጂ ሰው ሊያፋጥነው አይችልም።

እግሩም እንዲሁ ነው። ማክሲማ ከዛጎሉ ሥር ባለው ቀዳዳ እግሩን አውጥቶ ጠንካራ ክሮች ያፈልቃል፤ በእነርሱም ድንጋይ ላይ ይጣበቃል። ብልህ አርቢ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያኖርለታል፤ ከተጣበቀ በኋላ ወደ ላይ ሲያወጣው ከነድንጋዩ ያነሣዋል። ገና ትንሽ የሆነ ክላም ቦታው ካልተመቸው ሌሊት ይንቀሳቀሳል፣ አንዳንዴም ተንከባልሎ ይወድቃል። ደጋግሞ ከለቀቀ ወይ የውኃው ግፊት በቀጥታ ይመታዋል፣ ወይ ብርሃኑ አልተስማማውም ማለት ነው፤ በግድ ከመመለስ ይልቅ ቦታውን መመርመር ይሻላል። የተጣበቀን ክላም ጎትቶ ማላቀቅ ደግሞ ክሩ የሚወጣበትን ክፍል ይቀድና እንስሳውን ሊገድለው ይችላል። የግድ ማንሣት ካስፈለገ ክሮቹ ከሥጋው ርቀው፣ ከድንጋዩ ተጠግተው በስለት ይቆረጣሉ።

እስከዚህ ተረቱ አልተረታም። አሁን የሚወድቅበትን ቦታ እንይ። ክላሙ ከሩቅ አገር በፕላስቲክ ከረጢት ተጭኖ መጥቶ ከሆነ በከረጢቱ ውኃ ውስጥ የገዛ ቆሻሻው፣ አሞኒያ፣ ተጠራቅሟል። ከረጢቱ እስካልተከፈተ ድረስ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን ወደ አሲድነት ስለሚያዘነብለው አሞኒያው ጉዳቱ አነስተኛ በሆነ መልክ ይቆያል። ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ የውኃው አሲድነት ይቀንሳል፣ አሞኒያውም ወደ መርዛማው መልኩ ይለወጣል። እንግዲህ «ቀስ በቀስ ይልመድ» ብሎ ለሰዓታት በዚያው ውኃ ማቆየት እርዳታ አይሆንም። የውኃውን ሙቀትና ጨዋማነት ማስተካከል፣ ከዚያም ክላሙን ብቻ አውጥቶ ወደ ገንዳው ማስገባት ይገባል። ከቅርብ ሱቅ ለመጣ ክላም ግን ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት የገንዳውን ውኃ በጠብታ መጨመር ይበቃል።

ፒራሚዴሊድ የሚባሉ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ቀንድ አውጣዎችም አሉ። ቀን ከዛጎሉ ሥር ተደብቀው ይውላሉ፤ ሌሊት ወጥተው የክላሙን ፈሳሽ ይመጥጣሉ። በአንድ ሌሊት አይገድሉትም፤ ይዋለዳሉ፣ ቀስ በቀስም ያደክሙታል። ያው «ቀስ በቀስ» ለጠላትም ይሠራል! እዚህ ላይ የምንጠራው ሌላውን ተረታችንን ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን። አርቢው ክላሙን ገንዳ ከማስገባቱ በፊት ዛጎሉን በለስላሳ ብሩሽ ያጥባል፣ እንደ ዝልግልግ ጄል የተለጠፈ እንቁላላቸውንም ይፍቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌሊት ባትሪ ይዞ ሥሩን ይፈትሻል። ማንትሉን የሚነክስ ኤንጅልፊሽ ካለም ይለምድ ይሆናል ብሎ አይጠብቅም፤ አንዳቸውን ዛሬውኑ ይለያል።

ሁለቱ ተረቶች የሚጣሉ ይመስላሉ። በክላሙ ዙሪያ ግን ሥራ ተከፋፍለዋል። ፍጥረቱ በራሱ ኃይል የሚሠራው ነገር፣ ክር ማውጣቱ፣ አልጌውን ከብርሃን ጋር ማስማማቱ፣ ዛጎል መጨመሩ፣ በቀስ በቀስ ሥር ይወድቃል። ከውጭ ሆኖ የሚበላውና የሚመርዘው ደግሞ በሳይቃጠል በቅጠል ሥር ነው። በሁለቱ መካከል ዶሮዋ የቆመችበት ሦስተኛ ሥፍራ አለ፤ በየቀኑ የሚደረግ ጥበቃ። ክላም ዛጎሉን የሚገነባው ከውኃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ነው። በአንድ ሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ ወደ 35 የሚጠጋ ጨዋማነት፣ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀት ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እነዚህ ቁጥሮች ዛሬ ወጥተው ነገ እንዳይወርዱ ያስፈልገዋል። አዲስ የተሞላ ገንዳ ይህን እርጋታ ሊሰጥ ስለማይችል ክላም የሚገባው ገንዳው ወራት ቆይቶ ከረጋ በኋላ ነው።

ትዕግሥት የሚመስል ቸልተኝነትም አለ። መብራት ያቃጥለዋል ብሎ ፈርቶ ማክሲማን ለወራት በደብዛዛ ጥግ ያስቀመጠ ሰው ታጋሽ ሊባል አይገባም፤ ያ ክላም ምግቡን የሚያገኘው ከብርሃን ነውና እየተራበ ነው። ዘገምታ ወደ አንድ ቦታ የሚወስድ ካልሆነ ስሙ ሌላ ነው። የሚያድግ ክላም በዛጎሉ ጫፍ ላይ አዲስ ነጭ መስመር ያወጣል፤ ጥላ ሲያርፍበት በማንትሉ ጠርዝ ባሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዓይኖች አይቶ ፈጥኖ ይከደናል። መስመሩ ካልታየ፣ መከደኑ ከዘገየ፣ ማንትሉ ከተሸበሸበ፣ «ጊዜ ስጠው» የሚለው ምክር ማብቃት አለበት።

ይህ ትርጓሜ ከገንዳው ውጭም ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ከወላጆቹ ጋር ወደ ባዕድ አገር ሄዶ አዲስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ቋንቋውን ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ ጓደኛም ቀስ በቀስ ያገኛል። በዚህ ማንም ሊያጣድፈው አይገባም። በየዕረፍቱ የሚደበድበው ልጅ ካለ ግን «ቀስ በቀስ ይለመዳል» የሚል አባት ተረቱን ያለቦታው አውሏል፤ በማግስቱ ጠዋት ከመምህሩ ደጅ መቆም ነበረበት። ሁልጊዜ ማታ አጠገቡ ተቀምጦ ደብተሩን የሚያይለት ሰው ከሌለም ዓመቱ ብቻውን ምንም አያስተምረውም።

ስለዚህ ተረቱ እውነት ነው፤ በተናጋሪው ላይ ግን ዕዳ ይጥላል። «ቀስ በቀስ» ብሎ ሌላውን ያጽናና ሰው በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ እርሱ በየቀኑ ምን እንደሚያደርግ ሊጠየቅ ይገባል። መልስ ካለው ምክሩ ይከበር። መልስ ከሌለው መጀመሪያ ድርሻውን ይያዝ፤ መምከሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።