«ሌላው እንዳለ ሆኖ»

ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቦታ እንውሰድ፤ ስፋቱ 24 ካሬ ነው። ርዝመቱ ጥቂት ቢጨምር ስፋቱ በምን ያህል ይለወጣል? የካልኩለስ ተማሪ ስ = ር × ወ ብሎ ይጽፍና ∂ስ/∂ር ወርዱ ራሱ ነው፣ 4 ነው ይላል። ልክ ነው። ግን ቦታው በ20 ሜትር ሽቦ ቢታጠርና ሌላ ሽቦ ባይኖርስ? ያን ጊዜ ርዝመቱ የሚጨምረው ከወርዱ ተቀንሶ ነው። 6.01 በ3.99 ሲባዛ 23.9799 ይመጣል፤ ስፋቱ አነሰ ማለት ነው። ስሌቱ ሲጠናቀቅ ∂ስ/∂ር −2 ይሆናል።

ቦታው ያው፣ ስፋቱ ያው፣ ምልክቱም ያው ነው፤ አንዱ መልስ ግን ይጨምራል ሲል ሌላው ይቀንሳል ይላል። የትኛውን እንመን?

ሁለቱንም። ጎደሎው ጥያቄው ነው። ፓርሻል ዴሪቬቲቭ ስንማር «ሌላው እንዳለ ሆኖ» እንባላለን፤ ዕለት ተዕለት የምንናገረው ሐረግ ስለሆነም ሳንመረምረው እናልፋለን። ኧረ ለመሆኑ «ሌላው» ማን ነው? በመጀመሪያው ስሌት ወርዱ ነበር፤ በሁለተኛው ዙሪያው። ∂ስ/∂ር የሚለወጠውን በስሙ ይጠራል፤ ሳይለወጥ የሚቆየውን ግን አይጠራም።

ይህን ጥምዝ «ዲ» ለዚህ አገልግሎት ያዋለው ፈረንሳዊው ሌዠንድር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1786። ብዙም ሳይቆይ ተወው። በ1841 መልሶ ያነሣው ጀርመናዊው ያኮቢ፣ የትኞቹ መጠኖች ቋሚ ሆነው እንደተያዙ ካልታወቀ ምልክቱ ብቻውን እንደማይበቃ ያኔውኑ አሳስቧል። ምልክቱን ሁሉም ወረሰው፤ ማሳሰቢያውን አጥብቀው የያዙት ግን የቴርሞዳይናሚክስ ሰዎች ናቸው። ዴሪቬቲቩን በቅንፍ ከበው ቋሚውን መጠን ከቅንፉ ግርጌ በትንሹ ይጽፉታል።

«ጥፋቱ የምልክቱ አይደለም» የሚል ይኖራል። አንደኛው የርዝመትና የወርድ ፈንክሽን ነው፤ ሁለተኛው የርዝመትና የዙሪያ። ለሁለት የተለያዩ ሕጎች አንድ ስም «ስ»ን የሰጠን እኛው ነን። ስለዚህ ፊደሉን ትተን «በ1ኛው ቦታ ያለው ሲለወጥ» ብለን ብንጽፍ ግርታው ይጠፋል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ለንጹሕ ሒሳብም ይበቃል። እኔን ግን አላረካኝም። መሬቱ ላይ ቆሞ ለሚለካ ሰው ስፋቱ አንድ ነው፤ ሊያውቅ የሚፈልገውም ስለዚያ ስፋት እንጂ ስለጻፈው ሕግ አይደለም። ደግሞስ 1ኛ ቦታ ያለው ማን ነው? በጋዝ ውስጥ ግፊት፣ ይዘትና ሙቀት አሉ፤ የጋዙ መጠን ከተወሰነ ሁለቱ ሦስተኛውን ይወስናሉ፣ ማንኛቸውም ግን ቀዳሚ አይደሉም። ስለዚህ የግርጌውን ጽሑፍ እመርጣለሁ፤ ሰሌዳውን ቢያጣብብም።

እዚሁ ጋዝ ላይ ግርጌውን ትተን እንሞክር፦ ∂ግ/∂ይ × ∂ይ/∂ሙ × ∂ሙ/∂ግ። እንደ ክፍልፋይ የሚያየው ሰው ላይና ታቹን አጣፍቶ 1 ይላል። የሐሳባዊ ጋዝን ቀመር ይዞ አንድ በአንድ ያሰላው ግን −1 ያገኛል። በመጀመሪያው ቋሚ የሆነው ሙቀቱ ነው፣ በሁለተኛው ግፊቱ፣ በሦስተኛው ይዘቱ። ከታች ያለው ∂ይ ሙቀቱ ሳይነካ የመጣ ለውጥ ነው፤ ከላይ ያለው ∂ይ ግፊቱ ሳይነካ የመጣ። በአንድ ፊደል ቢጻፉም አይጣፉም።