ማን ጠራቸው?

ቨርጂኒያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ክረምት ላይ ከልጇ ጋር ልትመጣ ነው። ዘመድ ለዘመድ ስትዞር ሰንብታ መመለስ አልፈለገችም፤ ዕረፍቷን በነጻ አገልግሎት ማሳለፍ ትሻለች። ልጅቷ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ ወላጅ ላጡ ሕፃናት እንግሊዝኛ ላስተምር ብላለች። እኔ መገናኛ ስለምኖር «አንተ ጋ የሚቀርብ የሕፃናት ማሳደጊያ ፈልግልን» አለችኝ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኋት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አልለቅህ አለኝ፤ ኑና ይህን ሥራ ሥሩልን ያላቸው ማን ነው?

መጀመሪያ የታሰበኝ ገንዘቡ ነበር። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሁለት ሰው የደርሶ መልስ ቲኬት እዚህ ካንድ መምህር የዓመት ደመወዝ ይበልጣል። ታዲያ ብሩን ልካ እዚያው ብትቀመጥ አይሻልም? እንዲህ እንዳልል ደግሞ ገንዘብ መምህር የሚቀጥረው መምህር ሲገኝ ነው። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ሲመጡ በየጠቅላይ ግዛቱ ለተከፈቱት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚበቃ የተማረ ሰው አልነበረንም። መንግሥት ጠየቀ፤ መጡ፤ ሁለት ሁለት ዓመት አስተማሩ። አባቴ ሒሳብ የተማረው ከእነሱ ካንዱ ነው፤ ስሙን እስከ ዛሬ በፍቅር ያነሣል። ጥቂት ቆይቶ ዩኒቨርሲቲያችን ራሱ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር ከተሞች መላክ ጀመረ። ያ ዘመን በሰው እጅ የሚሞላ ጉድለት እንደነበረ አሳየኝና የገንዘቡን ነገር ተውሁት።

እንግዲያው ሚዛኑ የቆይታው ርዝመት ይሆን? ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጅ እና ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ የመጡት ለሦስት ዓመት ተዋውለው ነበር። በወሊድ ጉዳት ፊስቱላ ያለባቸውን ሴቶች አዩና ቀሩ። በ1967 ዓ.ም. የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ፤ ካትሪን በ2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ያረፉት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከዚህ ጋር ሲተያይ የጥቂት ሳምንት እንግዳ ምን ይፈይዳል? መልሱ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ግን የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሐሳቤን አፈረሰው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከዚሁ ሕመም ነበር። ቀዶ ሕክምናው በሰለጠነ እጅ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ለዘመቻ የመጣ ሐኪም በአንድ ሳምንት ለብዙ መቶ ሰው ብርሃን መልሶ ቢሄድ፣ ለምን ቶሎ ሄድህ ብሎ የሚወቅሰው የለም፤ ቁስሉን የሚከታተል የአገር ነርስ ካለ ሥራው ተፈጽሟል። መስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመርም የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እየተመላለሱ ከእኛዎቹ ጎን ቆመው ሠርተዋል፤ አሠልጥነዋል። እያንዳንዱ ጉዞ አጭር ነበር። ስለዚህ ከጊዜው ይልቅ የሥራውን ጠባይ መመርመር ነበረብኝ፦ የመጣው ሰው ሲሄድ ሥራው ወይ ያለቀ፣ ወይ እዚህ ለሚቀር ሰው የተላለፈ መሆን አለበት።

በዚህ ሚዛን ሕፃናቱን ሳስብ ልቤ ከበደ። ከመገናኛ ብዙ ወደማይርቅ አንድ ማሳደጊያ ሄጄ ነበርና፣ እዚያ ያረጁ ሞግዚት በትሕትና ሰምተውኝ ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የሚመጡት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ያቅፏቸዋል፣ ያጫውቷቸዋል፣ ከዚያ ይሄዳሉ። ‹መቼ ነው የምትመለሰው?› እየተባልሁ የምጠየቀው እኔ ነኝ።» ወላጁን ያጣ ሕፃን የሚፈልገው ነገ ጠዋትም የሚያገኘውን ሰው ነው። አገራችን በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን የከለከለችው የሕፃናት ዕድል በሩቅ ሰው በጎ ምኞት ብቻ መወሰኑ ስላሳሰባት ጭምር ይመስለኛል። ፍቅር ጀምሮ ማቋረጥ ሊያልቅም ሊተላለፍም የማይችል ሥራ ነው። እዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም።

የእናቲቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የአክስቴ ልጅ የኩላሊት እጥበት ነርስ ናት፤ ከኛ ነርሶች ብዙዎቹ ያላዩትን ማሽንና አሠራር ዕድሜዋን ሙሉ ይዛዋለች። ይህን ትታ የእንግሊዝኛ ፊደል ለማስቆጠር መምጣቷ ያሳዝነኛል። ለልጅቷ ደግሞ ከመገናኛ ባቡር ተሳፍሮ መጨረሻው አያት ነው፤ እዚያ መቄዶንያ የተባለው የበጎ አድራጎት ማዕከል አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይረዳል። ልብስ ማጠብ፣ ምግብ ማቅረብ በየቀኑ አለ፤ ዛሬ አንዱ ቢሠራው ነገ ሌላው ይተካዋል፤ በመሄዷ የሚቆስል ሕፃን አይኖርም።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይሞግተኛል። ልጅቷ ከዚህ ጉዞ የምታተርፈው ከምትሰጠው ይበልጣል። ከእነዚያ የሰላም ጓድ አባላት አንዱ ሆኖ ወሊሶ ያስተማረው ፖል ጾንጋስ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆኗል፤ ወጣትነቱን እዚህ ማሳለፉ ለእሱም ትምህርት ነበር። መማር ነውር የለበትም፤ እኔን የሚከብደኝ የመማሪያው ዋጋ ራሱን መከላከል በማይችል ልጅ ላይ ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ ጻፍሁላት። ቲኬት ከመቁረጧ በፊት የአንድ ሆስፒታል የእጥበት ክፍል ኃላፊ የጎደላቸውን በጽሑፍ እንዲነግሯት ትጠይቅ፤ የሙያ ፈቃዷንም ጉዳይ አስቀድማ ትጨርስ፤ ከተቻለ በየዓመቱ ወደዚያው ክፍል ትመለስ። የማሳደጊያውን ነገር ለልጅቷ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ ሞግዚቷ ያሉኝንም ሳልቀንስ።