ከልጆቻችሁ የደበቃችሁት ደዌ

በጅቡቲ ከተማ የወገኖቻችን ለቅሶ ቤት ከሚነገረው ሁሉ አንጀቴን የሚያሳርረው ይህ ነው፤ «ደህና ሰው ነበር፤ ድንገት ወደቀ!» ደህና አልነበረም። አባቱ በሃምሳዎቹ ዕድሜው ኩላሊቱ ደክሞ እንደሞተ፣ አክስቱም ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ እንዳለፈች ታላላቆቹ ያውቃሉ። ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚያለቅሱት ልጆቹ ግን አያውቁም፤ የነገራቸው የለም። ተግሣጼ ለእናንተ ነው፣ እያወቃችሁ ዝም ላላችሁ።

የደበቃችሁት ኩላሊት ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያፈላውን፣ ሐኪሞች ፖሊሲስቲክ የሚሉትን የዘር በሽታ ነው። በብዛት የሚታየው ዓይነት አባት ወይም እናት ላይ ካለ፣ እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። እርግማን አይደለም፤ የማንም ኃጢአት አይደለም። እናንተ ግን «ዘራቸው በሽተኛ ነው ይሉናል፤ ልጄን የሚያገባት ይጠፋል» ብላችሁ አፋችሁን ዘጋችሁ። ለሠርግ ስትሉ ሕይወት አስያዛችሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምታችኋል፤ እናንተ የደበቃችሁት ግን የራሳችሁን ብቻ ሳይሆን የልጆቻችሁንም ነው።

ይህ በሽታ የኩላሊት ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ከረጢቶቹ እያደጉ በኩላሊቱ ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች ይጫናሉ። ደም ያነሰው ኩላሊት ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃል፤ በዚህ ሰበብ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ይቀራል፣ የደም ግፊቱ ይወጣል። የኩላሊት ምርመራው ገና «ደህና ነው» እያለ ከግማሽ የሚበልጡት ሕመምተኞች ግፊት ይይዛቸዋል፤ ብዙ ጊዜም በ30 ዓመት አካባቢ። የልብ ግራ ክፍል ጡንቻ ይወፍራል፣ በአንዳንዶቹም የልብ በር ይላላል። ከመቶ 10 ያህሉ ደግሞ ጭንቅላታቸው ውስጥ የሳሳና ያበጠ የደም ሥር አለ፤ ከፈነዳ ሰውየው በቆመበት ይወድቃል። «ድንገት» የምትሉት ለዓመታት ሲመጣ የነበረውን ነው።

አንተስ፣ ፒኬ 12 በሚባለው ሰፈር መኪናህን አቁመህ «አላመመኝም» የምትለው ሾፌር? የግፊት ክኒንህ ጋቢና ውስጥ በፀሐይ ይነዳል፤ ራስህን ካላመመህ አታነሳውም። ወገብህን ሲያምህ ዲክሎፌናክ ትውጣለህ፤ እሱም ግፊትህን ያንረዋል፣ የተጎዳ ኩላሊትህን ይብስ ይጎዳዋል። ከ40 ዲግሪ በሚበልጠው ሙቀት ውሃ ሳትጠጣ ውለህ ጫቱ ሲገባ በርጫ ትቀመጣለህ። ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ እንደሚያደርግ የሚነግርህ አያስፈልግህም፤ ደረትህ ሲመታ ራስህ ትሰማዋለህ።

መላ የለውም እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ጥናት ኩላሊታቸው ገና ያልደከመ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን ሕሙማን ተከታትሏል። ግፊታቸው ከ110/75 በታች እንዲሆን የተደረገላቸው፣ ከ120/70 እስከ 130/80 ከተያዘላቸው ይልቅ የኩላሊታቸው እብጠት 14 በመቶ ያህል ዘገየ፤ የልባቸው ግራ ክፍል የጡንቻ ክብደትም ይበልጥ ቀነሰ። ልኩን የሚወስነው ሐኪም ነው። መድኃኒቶቹ ግን እንደ ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ያሉ፣ የቆዩና ርካሽ ናቸው። ያረገዘች ሴት ልትወስዳቸው አይገባም፤ ፅንሱን ይጎዳሉ። ታዲያ የደበቃችኋት ልጃችሁ ይህን ከማን ትስማ?

ዛሬውኑ ንገሯቸው። ልጃችሁ አዲስ አበባም ይሁን ድሬዳዋ፣ እዚሁ ባልባላም ይሁን አረብ አገር፣ ደውሉና የበሽታውን ስም በግልጽ ጥሩለት። ግፊቱን ያስለካ፤ አልትራሳውንድ ይነሳ። ከ40 ዓመት በታች ሆኖ ምንም ባይታይ እንኳ ነጻ ወጣ ማለት አይደለምና መለካቱን አይተው። ቤተሰባችሁ ውስጥ ጭንቅላቱ ደም የፈሰሰበት ሰው ካለ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገር። እያወቃችሁ ሳትነግሩት ከቀራችሁ በልጃችሁ ላይ በደል ፈጽማችኋል፤ በለቅሶው ቀን የምታፈሱት እንባም በደላችሁን አያጥበውም።