ምስጋናና ይሉኝታ በበዓል ዋዜማ

በዓል ከሥራ ድካም ማረፊያ፣ የተራራቁ ዘመዶች መገናኛ፣ የመንፈስም መታደሻ እንዲሆን የተሠራ ዕለት ነው። ይሁን እንጂ ለብዙ ሰው የበዓል ዋዜማ የዕረፍት ሳይሆን የጭንቀት ሌሊት ሆኖ ይታያል። ለመሆኑ ለደስታ የተመደበው ቀን ስለምን ሐሳብን ያስከትላል? መድኃኒቱ ምስጋናና እምነት ነው ሲባልስ አባባሉ እውነተኛ ምክር ነው ወይስ የተቸገረውን ሰው ዝም ማሰኛ? ይህ ከመብልና ከመጠጥ በላይ የሆነ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

የመስከረምን ወር ለአብነት መውሰድ ይቻላል። መስከረም 1 ቀን ዘመን ይለወጣል፤ በ17ኛው ቀን የመስቀል በዓል ይከተላል። በዚሁ ሰሞን ትምህርት ቤት ስለሚከፈት ልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ይፈልጋሉ። የዶሮው፣ የቅቤውና የሽንኩርቱ ዋጋም ገበያው በደራ ቁጥር ይወደዳል። በከተማ ለሚሠራው የጉራጌ ተወላጅ ደግሞ ለመስቀል አገር ቤት ገብቶ ወላጆቹን መጠየቅ የማይታለፍ ወግ በመሆኑ የመንገዱና የስጦታው ወጪ ይጨመርበታል። እንግዲህ በደመወዝ የሚተዳደር አባወራ የጳጉሜን ቀናት ሒሳብ ሲያወጣና ሲያወርድ ቢያሳልፋቸው የሚያስገርም አይደለም።

ነገር ግን ጭንቀቱ ሲመረመር ሁለት ምንጭ እንዳለው ይታወቃል። አንደኛው እውነተኛ እጦት ነው። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ የሚለው ቃል «ይሉኛል» ከሚለው የተገኘ በመሆኑ ጠባዩን አይሰውርም፤ የሰውን ዋጋ በሌላው አንደበት ላይ ያስቀምጣል። በእርግጥ ይሉኝታ ሰውን ከነውር የሚጠብቅበት ጊዜ ስላለ ፈጽሞ የሚነቀፍ አይደለም። በበዓል ሰሞን ግን ጎረቤት በግ ስላረደ ብቻ ተበድሮ በግ የሚያርደው ሰው የሚጠብቀው ክብሩን ሳይሆን የክብሩን ጥላ ነው። ሥጋው በሳምንት ያልቃል፤ ዕዳው ግን እስከ ጥቅምትና ኅዳር ይዘልቃል።

ምስጋና ከይሉኝታ የሚለየው በሚያነሣው ጥያቄ ነው። ይሉኝታ «ሰዎች ምን ይሉኛል?» ሲል፣ ምስጋና «ምን ተደረገልኝ? በማንስ?» ይላል። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ54 ዓመት ባቀረበው የሙግት ንግግር ምስጋናን የምግባራት ሁሉ እናት አድርጎ ገልጾታል። ሴኔካም ስለ ውለታ በጻፈው ሥራው የውለታ ፍሬ ነገር በተሰጠው ዕቃ ሳይሆን በሰጪው በጎ ፈቃድ ላይ መሆኑን አስረድቷል። በቅርቡ ዘመንም ሮበርት ኤመንስና ማይክል መከላ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ያመሰገኑባቸውን ነገሮች በየሳምንቱ የጻፉ ተማሪዎች ያማረሯቸውን ነገሮች ከጻፉት ይልቅ ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት እንደነበራቸው አሳይተዋል።

ይህንኑ ሐሳብ ግን የአገራችን የበዓል ሰላምታ ቀድሞ ይዞታል። «እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ» ሲባል የሚወደሰው ማዕዱ አይደለም፤ ሰውየው በሕይወት መድረሱ ነው። መልሱም «እንኳን አብሮ አሸጋገረን» ነው። እዚህ ላይ «አብሮ» የምትለው ቃል ከሁሉ ትበልጣለች፤ የብቻ መድረስ ምሉዕ ደስታ እንዳልሆነ ትመሰክራለችና።

ከዚህም የተነሣ ለመነሻው ጥያቄ መልስ ማግኘት ይቻላል። የጠገበው የተራበውን «ተመስገን በል» ቢለው፣ ያ ምስጋና ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ ችግሩንም በቃል ይሸፍናል። እውነተኛ ምስጋና ከአመስጋኙ ከራሱ ይመነጫል፣ የጎደለውንም አይክድም። «አጥቻለሁ፤ ነገር ግን ብቻዬን አይደለሁም» ለማለት የሚችል ሰው እጦቱ ባይቃለልለትም ከይሉኝታው ነፃ ይወጣል። ከሁለቱ ሸክሞች አንዱ ወረደለት ማለት ነው። የቀረውን ሸክም ማቅለል የባለጠጋው፣ የጎረቤቱና የኅብረተሰቡ ፋንታ ነው።

እምነትም እንዲሁ ገበያው ይረክሳል ብሎ መጠባበቅ አይደለም። የተዋሕዶ ምእመናን ከፋሲካ በፊት 55 ቀን ይጾማሉ፤ በጥቂት ነገር መኖርን የተለማመደ ሰው ማዕዱ ቢሳሳ አይደነግጥም። ሙስሊሞች ደግሞ ዘካተል ፊጥርን ከዒድ ሶላት በፊት ይሰጣሉ፤ ይኸውም ድኻው በዚያ ቀን ከደስታው እንዳይጎድል ነው። በሁለቱም ዘንድ እምነት ከስሜት አልፎ ወደ ሥራ ይሸጋገራል። የቅርጫ ልማድም ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድ በሬ መግዛት የማይችሉ ጎረቤታሞች ገንዘባቸውን አዋጥተው ሥጋውን በእኩል መደብ ይከፋፈላሉ፤ ማንም በማንም ፊት ሳያፍር ሁሉም ቤት ይሞቃል።

ምስጋና የሚፈተንበት ሌላም ስፍራ አለ፤ እርሱም ጓዳው ነው። ጠላውን የምትጠነስሰው፣ ሽንኩርቱን ስትከትፍ የምታመሸው፣ አሥራ ሁለቱን የዶሮ ብልት በሥርዓት የምታወጣው እናት አብዛኛውን ጊዜ ከማዕዱ የምትቀመጠው ሌላው ከጠገበ በኋላ ነው። «እጅሽን ይባርከው» የሚለው ቃል መልካም ነው። ሆኖም ውኃ ቀድቶ፣ ዕቃ አጥቦ፣ እሳት ቆስቁሶ ድካሟን ያልተካፈለ ቤተሰብ ምስጋናው ከከንፈሩ አላለፈም።

ስለሆነም በበዓል ዋዜማ ከገበያው ሒሳብ ጎን አንድ ሌላ ሒሳብ ሊያዝ ይገባል፤ በዓመቱ ውስጥ ያስታመመ፣ ያበደረ፣ የመከረ፣ የደከመ ማን ነበር? ለእርሱስ ምን ይመለስለት? ይህን የሚያስብ ቤት ለአደይ አበባና ለቄጠማ፣ ለቡናና ለእንግዳም ወንበር አያጣም። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም እንደሚባለው ሁሉ፣ ያለውን አመስግኖ ያካፈለም ድኻ አይባልም።