ቀለሙን የምታስቀሪለት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ልጄ፣ እኔም ከሥሩ ልጀምርልሽ። ፎቶውን ሁሉ ጥቁርና ነጭ አድርጎ አንዲቷን አበባ ብቻ በቀለሟ ማስቀረት ዛሬ በስልክ የደቂቃ ሥራ ነው። በዚህ አንቺ ትበልጪኛለሽ፤ እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ያችን ቀለም ስታስቀሪ ምን ተሰምቶሽ ነበር? ደስታ ነው? ናፍቆት ነው? ሐዘን ነው? ይህን ሳትመልሺ ያስቀረሽው ቀለም ያምር ይሆናል እንጂ አይናገርም። የሚያምር ፎቶ ደግሞ በየስልኩ ሞልቷል፤ ሰው በአውራ ጣቱ እየገፋ ያልፈዋል።

ካሳየሽኝ ፎቶዎች መካከል ቀይ ጽጌረዳ፣ ቢጫ አበባና ሐምራዊ ቡገንቪሊያ ሦስቱም በቀለማቸው የቀሩበት አንድ አለ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ሦስቱም እኔን እዩኝ ሲሉ ዓይን ማረፊያ ያጣል፤ ልብም እንደዚያው። አንዷን ምረጪ። ወደ መንዝ ወጥተሽ በአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የብራና መጽሐፍ ሲገለጥ ብታዪ፣ ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ሄዶ ሄዶ የእመቤታችን ወይም የቅዱሳን ስም ጋ ሲደርስ ቀይ ይሆናል። ጸሐፊው ቀዩን ያስቀመጠው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አንባቢው እዚያ ስም ላይ ሲደርስ ልቡ እንዲያዘነብል ነው። ገጹን በሙሉ በቀይ ቢጽፈው ኖሮ የትኛውም ስም ባልተለየ ነበር። ማርም ሲበዛ ይመራል።

በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀለምን መርጦ ማኖር ከስልክ ጋር የመጣ እንዳይመስልሽ። ባለቀለም ፊልም ሳይስፋፋ በፊት በየአገሩ ያሉ ፎቶ ቤቶች ጥቁርና ነጩን ፎቶ በቀጭን ብሩሽ ይቀቡት ነበር፤ ከንፈር ላይ ትንሽ፣ ጉንጭ ላይ ትንሽ፣ ጌጥ ካለ ጌጡ ላይ። ሥራው ቀስ ያለ ስለነበር ብሩሽ የያዘው ሰው ቀለሙ የት እንደሚያርፍ አስቦ ነበር የሚነካው። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ ‹ሺንድለርስ ሊስት› ከሞላ ጎደል ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ በዚያ ሁሉ መሃል የአንዲት ትንሽ ልጅ ካፖርት ብቻ ቀይ ሆኖ ያልፋል። ከሦስት ሰዓት በላይ ከሚፈጀው ፊልም ውስጥ ያ ቀይ የሚታየው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ፊልሙን ያየ ሰው ግን እርሱን አይረሳም። ፊልሙ ስለ ጅምላ ጭፍጨፋ ነው፤ የብዙዎች ሞት በቁጥር ሲነገር ልብ ይደነዝዛል፣ የአንዲት ልጅ ልብስ ግን ያነቃዋል። ከእኛም አገር በ1974 እ.ኤ.አ. የተወለደችውንና አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችውን የአይዳ ሙሉነህን ሥራ ፈልገሽ ተመልከቺ። እርሷ ፎቶውን ካነሳች በኋላ ቀለም አታጠፋም፤ ገና ከመነሻው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ብላ ጥቂቱን ትመርጥና ልብሱንም ገላውንም በዚያው ታስጌጣለች። በ2018 እ.ኤ.አ. በጎረቤታችን በአፋር፣ በዳሎል ባነሳቻቸው ፎቶዎች ስለ ውሃ ችግር የተናገረችው በእነዚያው በጥቂቶቹ ቀለሞች ነው። ምርጫው ከማሽኑ ሳይሆን ከዓይኗ ይነሳል፤ አንቺም መጀመሪያ በዓይንሽ ምረጪ።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። የምታነሺው አብዛኛው ጽጌረዳ ነው፤ ጽጌረዳን የፍቅር ምልክት አድርጎ የነገረሽ ደግሞ ከተማችን ካራቆሬ አይደለም። የአገር ሰው ስሜቱን ያኖረበት አበባና ቀለም አለው፤ እሱን ፈልጊ። ቢጫን ለአብነት ውሰጂ። ወደ ጣርማበር ስትወጪ በመስከረም ሜዳውን የሚሸፍነው አደይ ለማንም ኢትዮጵያዊ የዘመን መለወጫ ነው፣ ተስፋ ነው። ለይፋት ገበሬ ግን የሚዘራው ጥራጥሬ፣ የማሾም አበባ ቢጫ ነው። ያችን ትንሽ አበባ ሲያይ የሚታየው የሚከፍለው ዕዳ፣ የሚገዛው የልጅ ደብተር፣ ደግሞም ዝናቡ ቢቀርስ የሚለው ስጋት ነው። አንድ ቢጫ ሁለት ልብ አለው። የማሾውን አበባ በቀለሟ አስቀርተሽ ከኋላዋ የገበሬውን እጅ ጥቁርና ነጭ ብታደርጊው፣ ይህን ቆላ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል።

የቀለም ትርጉሙ የሚወሰነው በዓይነቱ ብቻም አይደለም፤ በተቀመጠበት ቦታም ነው። ያው ነጠላ፣ ያው ጥለት ለበዓል ሲለበስ ደስታ ነው፤ ሲዘቀዘቅ ሐዘን ነው። ስለዚህ አበባዋን ፎቶው ውስጥ የት እንዳስቀመጥሻት ተመልከቺ። ከጥግ ወርዳ ሰፊ ግራጫ ከበላይዋ ቢቀር ብቸኝነት ይሰማል፤ መሃል ላይ ገዝፋ ብትሞላው ድምቀት ይሆናል።

እሬትን ነገሬ ብለሽ ታውቂያለሽ? መቃብር ላይ የሚተከለውን? አፍ ላይ ሲቀምሱት ሆድ የሚያገላብጥ መራራ ነው፣ ድርቅ አይገድለውም፣ ድንጋይ መሃልም ይኖራል። አበባው ሲወጣ ደግሞ እሳት ይመስላል። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት እርሱን አነሳ ነበር። ድንጋዩም፣ አፈሩም፣ ወፍራሙ ቅጠልም ግራጫ ይሁን፤ አበባው ብቻ በቀይነቱ ይቅር። ብዙ አትጨምሪበት፤ የመተግበሪያው ማድመቂያ እንዳያታልልሽ፣ እንዲያውም ከነበረው ትንሽ ቀንሺለት። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ስሜቱ እውነተኛ ከሆነ ጥቂት ቀለም ይበቃዋል። ነገር ግን ያ መቃብር የሰው መቃብር ነው። ካሜራሽን ከማውጣትሽ በፊት ባለቤቶቹን ፈልገሽ አስፈቅጂ፤ የሟቹ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ካለም ከፎቶው አውጪው። እምቢ ቢሉሽ እሺ ብለሽ ተመለሺ፤ እሬት ሌላም ቦታ ይበቅላል።

ይህን አጥብቄ የምልሽ አገራችን ብዙ ስላየች ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ማጀቴን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የሚጠራው በካራቆሬ ስም ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል የቀረውን ግድግዳ ያየን ሰዎችን ደግሞ ግራጫ ምን እንደሆነ መተግበሪያ አያስተምረንም። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ሥር የበቀለች አበባ ብታገኚ ቀለሙን ማጥፋት አያስፈልግሽም፤ አመዱ አጥፍቶታል። እንዳለ አንሺው። የሰው ቤት በማሽን ይበልጥ እንዲያሳዝን ማድረግ ነውር ነው፤ ይህን ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበልሽ። ቀይ አበባና አረንጓዴ ቅጠል በቀለም ሲታዩ ሰማይና ምድር ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ ሲሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆኑና አበባው ቅጠሉ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ለቀይ ቀለሙን ማስቀረት እውነተኛ ጥቅም አለው። ቢጫ ግን ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለወጥ ነጣ ብሎ በራሱ ጎልቶ ይወጣል። ለቢጫ አበባ መጀመሪያ ሁሉንም ጥቁርና ነጭ አድርጊና እዪው፤ ምናልባት ቀለሙ ጨርሶ አያስፈልግ ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ በእኛ ቆላ ፀሐይ ቀይ አበባ አታንሺ። ቀዩ ካሜራው ከሚይዘው በላይ ይሆንና የአበባው መስመርና እጥፋት ሁሉ ጠፍቶ የፈሰሰ ቀለም ይመስላል። ማለዳ ይሻላል፤ ወይም ፀሐይዋ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ስትገባ፣ ብርሃኑን ቀነስ አድርገሽ። ደግሞ መተግበሪያውን ቀዩን አስቀር ብለሽ በደፈናው አትዘዢው፤ የመንገዱን ቀይ አፈርም፣ የሸክላውንም፣ የሰውንም ከንፈር አብሮ ያስቀርብሻል። ፎቶውን አጉልተሽ በጣትሽ ዳርዳሩን ሂጂበት፤ ቅጠሉ ላይ የወደቀ የአበባው ነጸብራቅ ካለ እርሱንም አጥፊው፣ አለዚያ ሥራው የተቆረጠና የተለጠፈ ይመስላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ዋናውን ባለቀለም ፎቶ ምንጊዜም ለብቻው አስቀምጪና በቅጂው ላይ ሥሪ።

ሙቀቱ ሲበረታ የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ያብባል። ያን ጊዜ አንድ ቅርንጫፍ ምረጪና አንዱን ፎቶ ሦስት አድርጊው፦ በሙሉ ቀለሙ፣ በጥቁርና ነጭ፣ አበባው ብቻ በቀለሙ የቀረበት። ለእናትሽ አንዱን፣ ለጓደኛሽ ሌላውን፣ ለጎረቤት ሦስተኛውን አሳዪ። ያምራል ወይ ብለሽ አትጠይቂ፤ ምን ተሰማችሁ በያቸው፣ የሚሉሽንም ጻፊው። ባለ ሙሉ ቀለሙን ያየው ሰው አበባው ብቻ የቀረበትን ካየው ጋር አንድ ነገር ከተናገረ፣ የዛፉን ቀለም እንዳለ ተይው፤ የተለየ ነገር ከተናገሩ ግን ሦስቱንም ይዘሽ ነይና ለምን እንደተለየ አብረን እንየው።